በከበባ ውስጥ የተገዛ መሬት

የሳሎንዎን ግድግዳ ይመልከቱ። በፍሬም ወይም በካላንደር ላይ ኤርምያስ 29፥11 ሊኖር ይችላል፤ ስለ ፍጻሜና ስለ ተስፋ የሚናገረው ጥቅስ። ለምርቃት ስጦታ፣ ለሠርግ ካርድ፣ ለመኪና ስቲከር የማይውልበት የለም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ፣ በአንድ ቀን ከስድስት ሰው ይኸው ጥቅስ በስልኬ ደረሰኝ። የላኩልኝ ሰዎች ከልባቸው ነው። እኔ ግን የመስከረምን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰብኩ «መቼ?» እያልኩ ነበር።

መልሱ ከጥቅሱ በላይ፣ ቁጥር 10 ላይ አለ፦ ሰባ ዓመት።

ምዕራፉ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ የላከው ደብዳቤ ነው። ቀደም ሲል ሐናንያ የተባለ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የማን መልእክት ገበያ እንደሚኖረው መገመት አይከብደኝም። ኤርምያስ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ጸልዩ አላቸው። እግዚአብሔር ጉዳዩን ይዞታል ማለት ነገ ያልቃል ማለት አልነበረም።

ይበልጥ የያዘኝ ግን ምዕራፍ 32 ነው። በንጉሥ ሴዴቅያስ አሥረኛ ዓመት የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቧል፤ ኤርምያስ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለኝን መሬት ግዛኝ ይለዋል። ቢዝነስ የተማረ ሰው ይህን ውል አይፈርምም! ኤርምያስ አሥራ ሰባት ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፣ ምስክር ፊት ፈረመ፣ ውሉ ብዙ ዘመን እንዲቆይ ባሮክ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው አዘዘ። ይህን ያደረገው እግዚአብሔር በዚያች ምድር ቤትና እርሻ እንደገና ይገዛል ስላለው ነው።

ከፈረመ በኋላ ጸለየ። ጸሎቱን ሙሉውን ያንብቡት። የሚሳንህ ነገር የለም ብሎ ይጀምርና፣ ከተማይቱ እየተያዘች ሳለ እንዴት መሬት ግዛ ትለኛለህ ወደሚል ግራ መጋባት ይደርሳል። እግዚአብሔር ስለ ጥያቄው አልተቆጣውም፤ መለሰለት። በዓመቱ ከተማዋ ወደቀች፣ ኤርምያስም በኋላ ወደ ግብፅ ተወሰደ። ያንን መሬት ስለማረሱ የተጻፈ ነገር የለም።

እኛ ቤት «እግዚአብሔር ያውቃል» የምንለው ብዙ ጊዜ ወሬውን ለመዝጋት ነበር። አንድ ማታ ግን ከባለቤቴ ጋር የወሩን ወጪ ወረቀት ላይ አወጣን። ትምህርት ቤቱን ክፍያውን በሁለት ጊዜ እንድንከፍል ጠየቅን፤ ፈቀዱ። ከዕቁቡ ወጣን፤ ይሄ አሳፍሮኝ ነበር። ለጸሎት ቡድናችንም «ደህና ነን» ማለት ትተን ፈርተናል አልናቸው። አንዷ እህት ጥቅስ ሳትጠቅስ አብራን አለቀሰች፤ በማግስቱ ጤፍ አስፈጭታ ላከች።

እርስዎም ዛሬ የሥራ፣ የሕክምና ወይም የቪዛ መልስ እየጠበቁ ይሆናል። መቼ እንደሚመጣ ልነግርዎት አልችልም።

ባለቤቴ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘም፤ ለሁለት ሱቆች ሒሳብ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጠና ግቢያችን ውስጥ የአቮካዶ ችግኝ ተከለ። እስኪያፈራ ዓመታት ይፈልጋል፤ ቤቱ ደግሞ የኪራይ ነው። አከራያችን እትዬ በረንዳቸው ላይ ቆመው «ለማን ነው እሱ?» አሉት። «ለሚበላው» አላቸውና አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀ።