ደመና ሊያይ ወጥቶ ልምላሜ ያገኘው ሳተላይት

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከአየር ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ይለካ ነበር። የሰሜኑ ዕፅዋት በሙቀቱ ወራት ጋዙን ይስባሉ፤ በብርዱ ወራት የረገፈው ሲበሰብስ መልሶ ይወጣል። ልኬቱም በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ኪሊንግና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ከፍታና ዝቅታ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሃዋይ በ20 በመቶ፣ በአርክቲክ ደግሞ በ40 በመቶ ያህል መስፋቱን አሳዩ። ጋዙ መቀነስ የሚጀምርበት ጊዜም በሳምንት ገደማ ቀድሟል። የሰሜኑ ዕፅዋት እየበረቱ ነው ማለት ነው። የት የት እንደ በረቱ ግን አየር አይናገርም፤ ነፋስ ሁሉን ይቀላቅላልና።

ቦታውን ሊያሳይ የሚችል መሣሪያ ከምድር በላይ ይዞር ነበር፤ የተላከው ግን ለሌላ ሥራ ነው። የአሜሪካ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ዋና ተልእኳቸው ደመናን መከታተል ነበር። የናሳው ኮምፕተን ታከር ግን ከእነርሱ መረጃ ሌላ ነገር ማንበብ እንደሚቻል ተረዳ። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል አንድ ቁጥር ይገኛል፤ ቁጥሩ ወደ 1 በተጠጋ መጠን ምድሩ ለምልሟል።

ተመራማሪው ራንጋ ማይኔኒ፣ ኪሊንግ፣ ታከርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከ1981 እስከ 1991 የተሰበሰበውን ምስል በዚህ ስሌት መረመሩ። በ1997 ያሳተሙት ውጤት ከአየሩ ምስክርነት ጋር ገጠመ፦ በሰሜን ኬክሮስ ከ45 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ምድር ዕፅዋት የሚያድጉበት ወቅት በ12 ቀን ያህል ረዝሟል። ስምንቱ ቀን የተገኘው ወቅቱ ቀድሞ በመጀመሩ፣ አራቱ ዘግይቶ በማለቁ ነው።

ጥርጣሬ አልጠፋም። ሳተላይቶቹ ከምሕዋራቸው ቀስ በቀስ ይንሸራተታሉ፤ መሣሪያቸውም ያረጃል። በ1991 የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ሰማዩን አደብዝዞ ነበር። ከሁሉ የከፋው በረዶው ነው፤ ቀድሞ ከቀለጠ አንድ ቅጠል ሳይጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል። መሬት ላይ ያለ ማስረጃ አስፈለገ።

እርሱም ከነዳጅ ፍለጋ መዝገብ ተገኘ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነዳጅ ሲያፈላልግ የሰሜን አላስካን ምድር ከአውሮፕላን ፎቶ አስነስቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ማቲው ስተርም፣ ቻርልስ ራሲንና ኬነዝ ቴፕ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች ከአየር ደግመው አነሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክሩ ቀለለ፤ በብዙዎቹ ሥፍራዎች አኻያን የመሳሰሉ ቁጥቋጦዎች ወፍረዋል፣ ባዶ የነበረውንም ሸፍነዋል። ጥናቱ በ2001 ታተመ።

ከዚያ ወዲህ ዕይታው ጠራ። በቀድሞዎቹ ምስሎች እያንዳንዱ ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ምድር በአንድ ይጠቀልል ነበር፤ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ግን 30 ሜትር ድረስ ይለያሉ። በ2016 ተመራማሪዎቹ ጁንቻንግ ጁና ጄፍሪ ማሴክ ወደ 87,000 የላንድሳት ምስሎች መርምረው፣ ከ1984 እስከ 2012 ከአላስካና ከካናዳ ዕፅዋት ለበስ ምድር 29.4 በመቶው ሲለመልም 2.9 በመቶው መጠውለጉን አገኙ።

መጠውለጉ ችላ የሚባል አይደለም። በዲሴምበር 2007 በሰሜን ስካንዲኔቪያ ያልታሰበ ሙቀት በረዶውን አቀለጠ፤ ያለ በረዶ ልብሱ የቀረውን ተክል የተመለሰው ብርድ መታው። በተከታዩ ዓመት ከ1,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ምድር ላይ የልምላሜው ቁጥር በ26 በመቶ ወርዶ ታየ። ሙቀት ሁልጊዜ ልምላሜ አያመጣም።

ሳተላይቱ ለደመና፣ ፎቶው ለነዳጅ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ግኝቱን የወለደው ሥራቸው ካለቀ በኋላ መረጃቸውን ያልጣለ ሰው ነው። በእኛም አገር ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች አዲስ አበባ ውስጥ ተጠብቀው ቆይተው ዛሬ የመሬታችንን ለውጥ ለሚያጠኑ ሰዎች እያገለገሉ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ካርታ፣ የዝናብ ልኬት ወይም ፎቶ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት።