የሲጋራ ሽታ ከልብስ እንዴት ይለቃል?

በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ቤት ለቤት ስንዞር አያት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው እናገኛለን። ያጨሱት በረንዳ ላይ ነው፤ ሽታው ግን ሸሚዛቸው ላይ አብሯቸው ገብቷል። ሕፃኑ ፊቱን የሚያሳርፈው እዚያው ሸሚዝ ላይ ነው። ታላቅን «ይሸታሉ» ማለት ነውር ስለሆነ ቤተሰቡ ዝም ይላል።

ነገሩ ግን የሽታ ብቻ አይደለም። ኒኮቲንና ሌሎች የጭሱ መርዞች ጨርቁ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሽቶ መርጨትም ሆነ በእጣን ማጠን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ መርዙን አያስለቅቅም፤ እጣንም ራሱ ጭስ ነው።

ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ልብሱን መጀመሪያ ውጭ አናፍሱት። ከዚያም በሱቅ «ሶዳ ሊሽቲያ» የሚባለውን ግማሽ ኩባያ በአንድ ባልዲ ውኃ በጥብጣችሁ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉትና እንደ ወትሮው በሳሙና እጠቡት። ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የማድረቂያ መኪና ሙቀት የቀረውን ሽታ ያጸናዋል። ነጭ ኮምጣጤም ይረዳል፤ ከኤኮኖሚካ ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ጥበብ ያለው የባህል ልብስ ቀለሙ እንዳይለቅ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ።

በሕፃናት ማቆያ ወይም አረጋውያንን በመንከባከብ የምትሠሩ፣ የሥራ ልብሳችሁን ከሚጨስበት ክፍል አርቁ።

አባቶቻችን፣ ሕፃን ከማቀፋችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ሸሚዛችሁንም ቀይሩ። ሲጋራው እስካለ ሽታው መመለሱ አይቀርም። ለማቆም ስታስቡ ኩፓት ሖሊማችሁን ጠይቁ፤ ማጨስ ለማቆም የሚረዳ የቡድን ትምህርት ለአባላት ያለ ክፍያ ይሰጣል።