ተረትና እውነታ፦ «ቋ» ሲል አጥንቱ ቦታው ገባ?

ወገቡን አሞት ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ ግፊት የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ የዳሌው አጥንት ከቦታው ተንሸራትቷል፣ አንዱ ጎን ከፍ ብሏል፣ መመለስ አለበት የሚል ነው። ከዚያ በጎኑ ተኝቶ የላይኛው ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል፤ ትከሻው ወደ ኋላ ይያዝና ዳሌው ላይ ድንገተኛ ግፊት ያርፍበታል። «ቋ» ይላል፤ ብዙ ሰውም ቀለል ብሎት ይነሳል። ቀለል ማለቱ እውነት ነው፤ ተረቱ አጥንቱ ተመለሰ የሚለው ነው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ያየ ሰው ዳሌም እንዲሁ ቢመስለው አይፈረድበትም። ዳሌ ግን እንደ ትከሻ አይደለም።

የአከርካሪን ግርጌ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ የሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያዎች ገጻቸው ሻካራና እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው፤ ዙሪያቸውንም በሰውነታችን ካሉት ጠንካራ ጅማቶች መካከል የሚመደቡት አስረዋቸዋል። እንቅስቃሴያቸው ከጥቂት ዲግሪና ከሁለት ሚሊሜትር ገደማ አይዘልም። በእርግጥ ከቦታቸው ለመውጣት እንደ መኪና አደጋ ወይም ከፎቅ መውደቅ ያለ ኃይል ይጠይቃሉ፤ ያ የደረሰበት ሰው ደግሞ በእግሩ ሄዶ ክሊኒክ አይገባም። በ1998 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በ10 ሕመምተኞች አጥንት ውስጥ ደቃቅ የብረት እንክብሎች አስቀምጠው ከግፊቱ በፊትና በኋላ በልዩ ኤክስሬይ ለኩ። በእጅ ሲመረመሩ ዳሌዎቹ «ተስተካክለው» ነበር፤ ኤክስሬዩ ግን የአቀማመጥ ለውጥ አላሳየም። ድምፁም ምስክር አይሆንም። በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ የተቀረጸው ምስል፣ ድምፁ ሲሰማ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ሲፈጠር አሳይቷል።

ታዲያ ለምን ይሻላል? ግፊቱ የተወጠረ ጡንቻን ለጊዜው ያላላል፣ ነርቮች ሕመምን የሚያስተናግዱበትን መንገድም ይለውጣል ተብሎ ይታሰባል፤ የባለሙያው እጅና የታካሚው ተስፋም ድርሻ አላቸው። በዚያ ላይ አዲስ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ማጭበርበር ማለት አይቻልም። በ2019 እ.ኤ.አ. 47 ጥናቶችንና ከ9,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም እንዲህ ያለው ሕክምና እንደ አካል እንቅስቃሴ ካሉት ከሚመከሩት ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አግኝቷል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ቆጥሮታል። እንግዲህ እጁ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ያልጸናው የካይሮፕራክቲክ መሥራች ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዮዋ ውስጥ ያስፋፋው፣ የበሽታ ሁሉ ምንጭ ማለት ይቻላል ከቦታው የወጣ አጥንት ነው የሚለው ትምህርት ነው።

«ከተሻለኝ ምክንያቱ ምን ቸገረኝ?» የሚል ይኖራል። የሚቸግረው፣ ሰው በተነገረው ምክንያት መሠረት ስለሚኖር ነው። ዳሌው እንደሚንሸራተት ያመነ ሰው ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ዕቃ ማንሳት ይተዋል፣ ሕመሙ በተነሳ ቁጥርም አጥንት ሊያስመልስ ይመላለሳል። መገጣጠሚያው እንዳልተነቃነቀ ያወቀ ሰው ግን ግፊቱን እንደ ማስታገሻ ተጠቅሞ መራመዱን፣ የመቀመጫና የወገብ ጡንቻውን ማጠንከሩን ይቀጥላል። በኤክስሬይ አንዱ ጎን ከፍ ብሎ መታየቱም ብዙ አያስደነግጥም፤ ምንም የማያማቸው ሰዎችም ዳሌያቸው ፍጹም እኩል አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ይኸው ማብራሪያ ሌላ በሽታ ሲሸፍን ነው። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትር፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲንቀሳቀሱ ግን የሚሻል የወጣት ሰው ሕመም የዚሁ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ይህንኑ መገጣጠሚያ ያጠቃል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ እያለ፣ ቲቢ የበላው አከርካሪ ላይ በኃይል መጫን አጥንቱን ሊሰብር ይችላል። በጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት መከልከል ወይም የእግር መዛል ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ካይሮፕራክተርም ሆነ ወጌሻ እነዚህን ሳይጠይቅ ሰው የሚያስተኛ ከሆነ፣ ከአልጋው መነሳት ይሻላል።