ከመንገድ ሲመለሱ ድንችዎን ይጎብኙ

በነሐሴ ወር ሴት ልጅዎን ሊያርሱ ባሕር ዳር ወርደው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ደብረ ታቦር ቤትዎ ገቡ እንበል። ቤቱ ተጠርጓል፤ ከብቱም ደህና ነው። ስለ ጓሮው ሲጠይቁ አባወራው «ምን ይሆናል፣ እንደ ተዉት ነው» ይልዎታል። እንዲህ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጓሮውን ዘወር ብሎ ያላየ ሰው ነው።

ሲገቡ መጀመሪያ ዓይንዎን የሚስበው አረሙ ይሆናል። አረም ነገም ይነቀላል። ጎመኑም ያረጀውን የታች ቅጠል ቢቀነጥሱለት መልሶ ያቆጠቁጣል። ጊዜ የማይሰጠው ድንቹ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ የድንቹን ቅጠል ገልብጠው ይመልከቱ። በቅጠሉ ጫፍና ዳር ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለበት፣ በጀርባውም ነጭ ሻጋታ ከከበበው፣ የድንች ምች ገብቷል ማለት ነው። ምች ሲባል ፀሐይ የመታው የሚመስላቸው አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ብርድ፣ ዝናብና ጉም የሚወድ በሽታ ነውና፣ የጉና ጭጋግ ውሎ ሲያድር በጥቂት ቀናት አንድ መደብ ሊጨርስ ይችላል። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ባስከተለው ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ይህን ማንሣታችን ለማስፈራራት አይደለም፤ በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ ገብሱ እስኪደርስ ብዙውን ቤተሰብ የሚያሻግረው ድንች ስለሆነ ነው።

ነጠብጣቡ የታየው በጥቂት እግር ላይ ከሆነ እነዚያን ነቅለው ከጓሮው ራቅ አድርገው ይቅበሩ፤ ለቀሪው ስለሚረጨው መድኃኒት የግብርና ባለሙያውን ያማክሩ። አብዛኛው ከጠቆረ ግን ቅጠሉን እስከ መሬት አጭደው ያውጡ እንጂ ድንቹን ወዲያው አይቆፍሩ። ልጆች ርቧቸው ሳለ መታገሥ እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አውጥተው ሌላውን ሁለት ሳምንት ያህል ቢያቆዩት ልጣጩ ይጠነክራል፤ ከቅጠሉ አፈር ላይ የረገፈው የበሽታ ዘርም ይሞታል። ተቻኩለው የቆፈሩት ድንች ተከምሮ ሳለ ይበሰብሳል፤ አንዱም ሌላውን ያበላሻል። ሲቆፍሩም ዝናቡ ያባራበትን ቀን ይምረጡ።

ሌላው የሚያሳስበን፣ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ የተገለጠው ድንች ነው። ፀሐይ ያየ ድንች ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝም ይበዛበታል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ሕፃናትን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። በጥቂቱ የነካውን አረንጓዴውን ክፍል ጠለቅ አድርገው ቆርጠው ይጣሉ፤ በብዛት አረንጓዴ የሆነውንና ሲቀምሱት የሚመረውን ለልጅም ለከብትም አይስጡ። ጤነኛውን መደብ አፈር ያስታቅፉት።

ከታመመ መደብ የወጣውን ለዘር አያስቀምጡ። ጎረቤትዎም ድንች ተክላ እንደሆነ ያዩትን ዛሬውኑ ይንገሯት፤ በሽታው በነፋስ ተሸክሞ አጥር ይሻገራልና።