ተጨማሪ መረጃ፦ አለቃ የሌለው ቡድን

በጃፓን ቺጋሳኪ ከተማ የሚገኘው ሃማኖጎ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት፣ የትምህርት ምሁሩ ማናቡ ሳቶ ስለ «መማማሪያ ማኅበረሰብ» ያቀረቡት ሐሳብ በተግባር የሚታይበት ስፍራ ሆነ። ተማሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ወንድና ሴት ተሰባጥረው አራት አራት ሆነው ይሠራሉ።

ጎበዝ ተማሪ ቡድኑን የሚመራበትን የአገራችንን አንድ ለአምስት አደረጃጀት የሚያውቅ ሰው «የቡድኑ መሪ ማነው?» ማለቱ አይቀርም። መሪ የለም። ሳቶ እንደሚሉት፣ ሁልጊዜ ጎበዙ የሚያስረዳ ከሆነ ደከም ያለው ልጅ እጅ ጠባቂ ይሆናል። ስለዚህ ያልገባው ልጅ ራሱ «ይሄ እንዴት መጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይበረታታል። ጎበዙም ቢሆን ከዚህ ያተርፋል፤ አውቀዋለሁ ያለው ነገር ገና እንዳልበሰለ የሚገባው ለጓደኛው ማስረዳት ሲያቅተው ነው።

እያንዳንዱ መምህር ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ክፍሉን ለባልደረቦቹ ይከፍታል። ለመምህራን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ታዛቢዎቹ ግን ከኋላ ተቀምጠው የግምገማ ቅጽ አይሞሉም፤ የልጆቹ ፊት ከሚታይበት ጎን ይቆማሉ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ የሚወያዩትም ስለ መምህሩ ጉድለት ሳይሆን የትኛው ልጅ የቱ ጋ እንደተማረና የቱ ጋ እንደተደናቀፈ ነው። አሠራሩ ዛሬ በደቡብ ኮሪያ፣ በቻይና፣ በኢንዶኔዥያና በቬትናም ትምህርት ቤቶችም ይሠራበታል።