መንገዱ እያለ፣ እህሉ እያለ

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በሀብሩዋ መርሳ አልፎ ወልድያ የሚገባው አውራ ጎዳና በ1965 ዓ.ም. የተራበ ገበሬ ተሰልፎበት ነበር። ከየቀበሌው ወርዶ መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው መኪና እያስቆመ የሚቀመስ ይለምናል። በዚያው ዓመት ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር።

ነገሩን በኋላ የመረመረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ የደሴ ገበያ ዋጋም እምብዛም አልናረም። የጠፋው የወሎ ገበሬ አቅም ነው። ዝናብ ሲቀርበት የሚበላውንም የሚሸጠውንም አጣ፤ በሬውን በርካሽ ሸጠ። ገዢ በሌለበት ገበያ ነጋዴ እህል አያራግፍም።

መንግሥት አልሰማም ማለት አይቻልም። የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ግምገማ ጉድለቱን ቀድሞ አመልክቷል። ወደ 1,500 የሚጠጉ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ደጃፍ ደርሰው ፖሊስ መልሷቸዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳይተዋል። ባለሥልጣናቱ ግን የአገር ስም እንዳይጠፋ ብለው ዝምታን መረጡ።

ዝምታውን የሰበረው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው፤ ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። እርዳታ መጉረፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የሟቾቹ ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር አጣምሮ ለሕዝብ ባሳየ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ።

አዲሱ መንግሥትስ ከዚህ ተማረ? በከፊል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ሌላ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስጠንቅቋል። የደርግ ሹማምንት ግን ልባቸው በመስከረም 1977 በሚከበረው 10ኛው የአብዮት በዓል ላይ ነበር። ዓለም የደነገጠው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ሲያሳይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ሰፈራ ነው። 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ታቅዶ 600 ሺህ ያህሉ ወደ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጓጓዘ፤ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱ ተገዶ። ከተጓዙት ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። ድርቁን ያዘዘ ሰው የለም፤ ማስጠንቀቂያውን ያቆዩት ግን ሹመት የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ተጠያቂነቱም የእነሱ ነው።