መብረቁን ያልጠራው ስልክ

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ጀምሮ ብዙ ክስ የቀረበበት፣ ጠበቃ ግን ያልቆመለት መሣሪያ ነው። ልጅ ያሰንፋል፣ ትዳር ይበጠብጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል እየተባለ የሚወርድበትን ወቀሳ ሌላው ይከራከርለት፤ እኔን ለጥብቅና ያስነሣኝ በወሎ ገጠር ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ ያገኘሁት ክስ፣ ይኸውም «ስልክ መብረቅ ይጠራል» የሚለው ነው።

የመሣሪያውን ጠባይ በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ ቃላችንን ወደ ረቂቅ ሞገድ ለውጦ በአቅራቢያው ወዳለው የቴሌ ምሰሶ ይሰድዳል፣ ከዚያም የመጣለትን ይቀበላል። ምሰሶው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ኃይሉን ይጨምራል፤ ገደላ ገደል ውስጥ ኔትወርክ ሲፈልግ የዋለ ስልክ ቻርጁ ቶሎ የሚያልቅበትም ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል።

ክሱ ፊት ለፊት የገጠመኝ በዚያው በወሎ፣ በአርዲቦ አጠገብ ነው። አርዲቦ «ሐይቅ» ከሚባለው ጎረቤቱ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ፣ ትርፍ ውሃውንም ወደ እርሱ የሚያወርድ ባሕር ነው። በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ በዳርቻው ስሄድ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ከብት ይጠብቅ የነበረ አንድ ወጣት በችኮላ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ስልክዎን ያጥፉት እንጂ! መብረቅ ይጠራብናል» አለኝ፤ የራሱንም አጥፍቶ በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከከተተ በኋላ፣ ብቻውን በሜዳ ላይ የቆመውን ትልቅ ዋርካ በጀርባው ተደግፎ፣ አደጋውን ሁሉ ያለፈ ያህል ተረጋግቶ ዝናቡን ይጠብቅ ጀመር። ከዋርካው ሥር አስወጥቼ ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት እስካስገባው ድረስ ያደረግነው ክርክር ቀላል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብረቅ በደመና ውስጥ የተከማቸ የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት መፍሰስ ሲሆን፣ ሲወርድ በብዛት የሚያገኘው ከፍ ያለውን፣ ሹሉንና ከሌላው ተለይቶ ብቻውን የቆመውን ነው፤ ዛፍ፣ የተራራ ጫፍ፣ በውሃ መካከል ያለ ጀልባ፣ በሜዳ ላይ የቆመ ሰው። ከብዙ መቶ ሜትሮች በላይ የሚወርድ ይህን የመሰለ ኃይል በኪስ ውስጥ ላለች የብረት ስንጣሪ ብሎ መንገዱን አይለውጥም፤ ከስልኩ የሚወጣው ሞገድም ለመብረቁ በአየር ውስጥ መንገድ የሚጠርግለት አይደለም። ስለዚህ ስልኩ ቢበራም ቢጠፋም ለመብረቁ ልዩነት የለውም። ዛፉ ግን ልዩነት አለው፤ በግንዱ የወረደው ኃይል ወደ ተደገፈው ሰው ይዘላል፣ በሥሩም አልፎ በመሬት ላይ ይሰራጫል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች ከአንድ ዛፍ ሥር ባንድ ጊዜ ተዘርረው የሚገኙት ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

ወሬው ያለ መነሻ አልተወለደም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሽቦ የሚሠራው ስልክ በሽቦው ላይ ያረፈውን መብረቅ እስከ ተናጋሪው ጆሮ ሊያደርስ ይችል ስለ ነበር፣ በነጎድጓድ ጊዜ አትናገሩበት መባሉ ትክክለኛ ምክር ነበር፤ ምክሩ ግን ሽቦ ለሌለው ስልክ ሳይመረመር ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የእንግሊዝ ሐኪሞች በለንደን መናፈሻ በስልክ ስትነጋገር መብረቅ ስለ መታት የ15 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጻፉ። እነርሱ የጠረጠሩት በጆሮ ላይ የተያዘ ብረት ከመብረቁ በኋላ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል ብለው ሲሆን፣ ብዙ አንባቢ «ስልክ መብረቅ ጠራ» ብሎ ተረጎመው።

ከሽቦ ጋር የተያያዘ ስልክ ግን ዛሬም አደገኛ ነው። ቻርጅ ላይ እንደ ተሰካ በነጎድጓድ ጊዜ የሚያወራ ሰው የመብራት መሥመሩን ከነመብረቁ በጆሮው እንደ ያዘ ይወቀው፤ ይነቀል። ብልጭታ ካየን በኋላ ሠላሳ ሳንቆጥር ነጎድጓዱ ከተሰማ ማዕበሉ ቅርብ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ከውሃው ይውጣ፣ እረኛው ከዛፍ ርቆ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ። ስልኩ ይብራ! በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አያድርም፤ ሳይፈሩ ነክተው ትንፋሹንና ልቡን ሊረዱት ይገባል፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 የሚደወለውም ባልጠፋ ስልክ ነው።

እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ መብረቅን ፈርቶ ስልኩን የሚያጠፋው ሰው ሊፈራው የሚገባውን አለመፍራቱ ነው። በስልክ ገንዘብ የሚቀመጥበትና የሚላክበት ቴሌብር ከተጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ ያድራል፤ ይህም ሆኖ አንድ የማይታወቅ ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ሲለው ቁጥሩን አንድ ሳያስቀር ያነብለታል። ያ ቁጥር የገንዘቡ መክፈቻ ነውና ለልጅም ለወዳጅም አይነገርም። እንደ ዳቦ ያበጠ ባትሪም በጎማ ታስሮ አይሠራበትም፣ ይጣላል። በመሪ ላይ ሆኖ ማውራት በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ አልመለስበትም፤ በቅዳሴ መካከል ስልኩን ሲያስጮኽ ስለሚገኘው ምእመን ግን ዝም ማለት አልችልም፤ የሚጠፋበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ከመብረቁ ይልቅ ሌባውን ፈርተው ዛሬውኑ ስልክዎን ይዘው ኮከብ (*)፣ መሰላል (#)፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል (#) ይጫኑ። የሚወጣልዎትን 15 አኃዝ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከቤት ያኑሩ፤ ስልኩ ቢሰረቅብዎ ለፖሊስ ሲያመለክቱ የእርስዎ መሆኑን የሚለዩበት ቁጥር እርሱ ነው።